ዝሆንን በፉከራ የሚጠሩ አዳኞችና ዓለም ያላመነው ጄምስ ብሩስ

አውሬን ዱካውን ተከትሎ፣ አድብቶ መግደል አንድ ነገር ነው። አውሬው በገዛ እግሩ ወደ አዳኙ እንዲመጣ ማድረግ ግን ሌላ ሙያ ነው። በካናዳ ጫካዎች የሚክማክ ሰዎች በዚህ የታወቁ ናቸው። ሙስ የሚባለው ከፈረስ የሚበልጥ ግዙፍ አጋዘን በመስከረምና በጥቅምት ሴት ፍለጋ ሲያብድ፣ አዳኙ የዛፍ ልጥ እንደ መለከት ጠቅልሎ የሴቷን ድምፅ ያሰማል። ምስኪኑ ወንድ እየተንደረደረ ሲመጣ የሚጠብቀው ጥይት ነው። ህንድ የተወለደው እንግሊዛዊ አዳኝ ጂም ኮርቤትም በ1938 ታክ በተባለ መንደር አጠገብ ሰው የለመደች ሴት ታይገርን የታይገር ድምፅ እያስመሰለ ጠርቶ፣ እየመለሰችለት አጠገቡ ድረስ አምጥቶ ጥሏታል።

በእኛ አገር ደግሞ አውሬውን በማባበል ሳይሆን በመሳደብ የሚጠሩ ነበሩ። ያውም ዝሆንን! አዳኙ ፈረሱን ዝሆኑ ፊት ለፊት ገትሮ ስሙን ይናገራል፤ የፈረሱን ስም ይጠራል። የዝሆኑን አባት የት ቦታ፣ አያቱን የት ቦታ እንደገደለ ይዘረዝርለታል። አሁን ተራው የእሱ እንደሆነ፣ ከአባቱና ከአያቱ ጋር ሲተያይ ግን አህያ ማለት እንደሆነ ነግሮ ይጨርሳል። ዝሆኑ ፉከራውን ይሰማል ብለው ያምኑ ነበር አሉ። ሰማም አልሰማ፣ አፍንጫው ሥር የሚጮህበትን ሰው ለመያዝ ኩምቢውን ዘርግቶ መምጣቱ አይቀርም። የተፈለገውም ይኸው ነው።

ይህን አይቶ ለዓለም የተናገረው ሰው ጄምስ ብሩስ ይባላል። ዓለም ግን ሳቀበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሩስ በዲሴምበር 1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በተባለው የአባቶቹ ርስት ተወለደ። እንግሊዝ አገር ሃሮው በሚባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ሲማር በሽታ የማያጣው፣ ደረቱ ደካማ ልጅ ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ በስኮትላንድ ኮረብታዎች ላይ በፈረስና በጠመንጃ አደን ሲጀምር ግን ሌላ ሰው ሆነ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ደረሰ፤ ትከሻው ሰፋ፤ ቀይ ፀጉሩን አንዴ ያየ አይረሳውም። ሕግ እንዲያጠና ቢላክም አልሆነለትም። በ1754 ያገባት ሚስቱ ዓመት ሳይሞላት ፓሪስ ላይ ሞተችበት። በእሷ በኩል ያገኘውን የወይን ጠጅ ንግድ ለመሥራት ቢሞክርም ልቡ መንገድ መንገድ ይል ነበር። ዓረብኛ ተማረ፤ ግዕዝ ጀመረ። ከ1763 ጀምሮ አልጀርስ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ የዓባይን ምንጭ ካላየሁ ብሎ ተነሣ። ሥዕል እንዲያነሳለት ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣሊያናዊ ቀጠረ። ምጽዋ የገባው በሴፕቴምበር 1769፣ ጎንደር የደረሰው በፌብሩዋሪ 1770 ነው።

ጎንደር ያኔ የእሳት ከተማ ነበረች። በዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ቢቀመጡም አገሩን የሚያሽከረክሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። ብሩስ ቁስቋም ግቢ ውስጥ በፈንጣጣ የታመሙትን አስታምሞ በማዳኑ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር ወደዱት። ወታደሮቹን ያሸነፈው ግን በመድኃኒት አይደለም፤ በጠመንጃ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በግብዣ ላይ ነው። ገብረ መስቀል የሚባል በተኩሱ የሚመካ የራስ ሚካኤል ዘመድ ነበር። ከብሩስ ጋር በቃል ተካረሩና ብሩስ፣ ገብረ መስቀል በብረት አረር የማይሠራውን እኔ በጧፍ ቁራጭ እሠራዋለሁ አለ። የሰከረ ሰው ወሬ ተባለ። ወሬው ንጉሡ ጆሮ ደረሰና አሳየን ተባለ። ብሩስ ከጠመንጃው ውስጥ በአረር ፋንታ የሻማ ቁራጭ ጎረሰ። ሦስት ጋሻ ተደራርቦ ቀረበለት፤ ተኮሰ፤ ሦስቱንም በሳው። ቀጥሎ የሾላ እንጨት ጠረጴዛ ቆመለት፤ እሱንም በሳው። ሰሙ ለስላሳ ቢሆንም የሚሄድበት ፍጥነት ነው ሥራውን የሚሠራው። ለጎንደር ሰው ግን ይህ ጥንቆላ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ከዚያ ወዲያ ብሩስ የንጉሡ ባለሟል ሆነ፤ የፈረሰኛ ጦር አለቅነትም ተሰጠው።

ወደ ዓባይ ምንጭ የሚወስደው መንገድ በአገው ምድር ዙሪያ ስለሚያልፍ ቁልፉ በዳሞቱ ገዥ በፋሲል ወረኛ እጅ ነበር። ፋሲልና ራስ ሚካኤል ደመኞች ናቸው። ብሩስ ከምጽዋ ወደ ጎንደር ገና በመንገድ ላይ ሳለ በዲሴምበር 1769 ሁለቱ ፋግታ ላይ ተዋግተው ፋሲል ተሸንፎ ነበር። ፋግታ ዛሬ በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ስም ውስጥ ይገኛል። ፋሲል በተራው አገዎቹን ባንጃ ላይ ወግቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል። ዛሬ የእንጅባራ ከተማ የተቆረቆረችው በዚያው በባንጃ ምድር ነው። ብሩስ ስለ አገው ሲጽፍ እንዲህ ካለው መከራ በኋላ እንኳን ሕዝቡ ሙሉ ጦሩን ቢያወጣ 4,000 ፈረሰኛ እንደሚያሰልፍ፣ ድሮ ግን ከዚህ እጅግ ይበልጥ እንደነበር ያወሳል። ጎንደርንም የሚቀልባት ይኸው ሕዝብ እንደሆነ አልሸሸገም። ማሩ፣ ቅቤው፣ ሰሙ፣ ቆዳው፣ ከብቱ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። ቅቤው በረጅሙ መንገድ እንዳይቀልጥና እንዳይበላሽ መቅመቆ እንደሚጨመርበት ሳይቀር መዝግቧል። ፈረሱን ከአገው የሚለይ እንደሌለ ለማወቅ የብሩስን መጽሐፍ ማንበብ ግድ አይደለም፤ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሲያከብር የኖረውን በዓል አንዴ ማየት ይበቃል።

ብሩስ በኦክቶበር መጨረሻ 1770 ከጎንደር ተነሥቶ ባምባ በተባለ ቦታ ፋሲል ከሰፈረበት ደረሰ። አቀባበሉ የሚያስደስት አልነበረም። ፋሲል እንግዳውን ከላይ እስከ ታች ገላምጦ፣ እንዲህ ያለ ለስላሳ ነጭ ሰው በዚያ አገር አልፎ መመለስ እንደማይችል ነገረው። ብሩስ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር ብዙም አልፈጠረበትም። መልሶ ተናገረ፤ ከንዴቱ ብዛት አፍንጫው ደም አፈሰሰና ተደግፎ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ጉዞው እዚያው ላይ ሊያከትም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ከፋሲል ዘንድ የተጫነ ፈረስ ቀረበለት። እንዲሞክረው ነው። ፈረሱ ግን ሰው የማያስቀርብ ያልተገራ ነበር። ብሩስ ከወጣበት በኋላ ነገሩ ገባው። ፈረሱ በኋላ እግሩ ይቆማል፤ ይራገጣል፤ ይዘላል፤ ሰውየው ግን ኮርቻው ላይ እንደተሰፋ ቀረ። ከዚያ ተራው የብሩስ ሆነ። ብሩስ ልጓሙን ጠበቅ አድርጎ፣ በመንኮራኩር እየወጋ ሽቅብ ወደ ኮረብታ፣ ቁልቁል ወደ ሜዳ ያስጋልበው ጀመር። ፈረሱ በላብና በደም ተነክሮ አንድ እርምጃ መሄድ እስኪያቅተው ድረስ አልወረደለትም። በዛሬ ሚዛን ሲታይ እንስሳን እንዲህ ማድረግ የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም። የፋሲል ሠራዊት ግን የፈለገውን አይቷል።

ብሩስ በዚህም አልበቃውም። የራሱን ጥቁር ፈረስ አስመጥቶ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃውን ይዞ ጋለበ። ከሰፈሩ በላይ ጭላት አሞሮች ያንዣብቡ ነበር። ከፈረሱ ጀርባ ላይ ሆኖ በአንዱ አፍ አንዱን፣ በሌላው አፍ ሌላውን አወረዳቸው። ሰፈሩ በጩኸት ተናወጠ። የሚበር አሞራ ይመታል ብሎ የሚያስብ በዚያ አልነበረምና የወደቁት አሞሮች ፋሲል ዘንድ ተወስደው ተመረመሩ። ፋሲል ስለ ፈረሱ የማውቀው የለም ብሎ ጥፋቱን በባልደራሱ ላይ አላከከ። ብሩስ ይመን አይመን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ወዳጅ ሆኑ።

ከፋሲል ስጦታዎች ሁሉ የሚገርመው አንድ ግራጫ ፈረስ ነው። የፋሲል የራሱ ፈረስ ነበር። ብሩስ ግን እንዳይቀመጥበት ተነገረው። እንደ ተጫነና እንደ ተለጎመ ከፊት ከፊቱ እየነዳ እንዲሄድ ብቻ ነው የታዘዘው። በመንገድ ያለው ሰው ሁሉ ፈረሱን ስለሚያውቅ፣ ፈረሱን ያየ ብሩስን አይነካውም። እንዲያም ሆነ። አስጎብኚውና አጃቢው ሌላ ነው፤ የይለፍ ወረቀቱ ግን ባዶ ኮርቻ ተሸክሞ ከፊት ይሄዳል። የዓባይን ወንዝ ሲሻገሩ የአገሩ ሰዎች ጫማ አውልቁ፣ በከብት ላይ ተቀምጣችሁ አትሻገሩ አሏቸው፤ ታዘዙ። ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ብሩስ ግሽ ዓባይ ደርሶ ጫማውን አውልቆ ወደ ምንጩ ሮጠ። ቦታው ዛሬ ከአዊ ጋር በሚዋሰነው በምዕራብ ጎጃም ሰከላ ውስጥ ነው፤ ያኔ ብሩስን የተቀበሉት ግን አገዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት የጦርነት ዓመት ነው። ብሩስ በ1771 በሰርባኩሳ ውጊያዎች ከንጉሡ ጦር ጋር ዋለ፤ የወርቅ ሐብል ተሸለመ፤ ራስ ሚካኤል ወደቁ። አገሩ ሲመረውና ናፍቆቱ ሲጠናበት በዲሴምበር 1771 መጨረሻ ጎንደርን ተሰናብቶ በስናር በኩል ወደ አገሩ ሊመለስ ተነሣ። ጨርቂን ላይ ግን የወይዘሮ አስቴር ልጅ አቶ ክንፉ ቀድሞ ደርሶ አደን አዘጋጅቶ ጠበቀው። ወይዘሮ አስቴርም እዚያው ነበሩ።

በጃኑዋሪ 1772 መጀመሪያ ላይ በተደረገው በዚህ አደን ነው ብሩስ አጋጊር የሚባሉትን ዝሆን ገዳዮች ሥራቸው ላይ ያየው። ሥራቸው ዝሆን ማደን ብቻ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ፈረስ ይቀመጣል። ቁጥቋጦው እንዳይዛቸው ሁለቱም ራቁታቸውን ናቸው። ከፊት ያለው አንድ አጭር ዱላና ልጓሙን ብቻ ይዟል። ከኋላ ያለው ደግሞ ሰይፍ ይዟል። የሰይፉ የላይኛው ክፍል በገመድ የተጠመጠመ ስለሆነ በዚያ በኩል በእጅ ቢያዝም አይቆርጥም፤ ከታች ያለው ስለት ግን እንደ ምላጭ ነው።

ዝሆኑ እንደተገኘ ጋላቢው ቀጥታ ፊቱ ይሄድና ያንን ፉከራ ያወርድበታል። ዝሆኑ ተቆጥቶ ሲመጣ ፈረሱን ዙሪያውን ያዞረዋል። ዝሆኑም ዓይኑንና ኩምቢውን ከፈረሱ ሳይነቅል አብሮ ይዞራል። እንዲህ ሲዞሩ ሲዞሩ ጋላቢው በዝሆኑ ጎን ሽው ብሎ ሲያልፍ ባለሰይፉ ከኋላ ይንሸራተትና መሬት ይይዛል። ዝሆኑ አላየውም፤ የሰደበው ያኛው ነዋ! ባለሰይፉ በአንድ ምት ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት ይበጥሰዋል። ጋላቢው ተመልሶ ጓደኛውን ያፈናጥጥና ወደሚቀጥለው ዝሆን ይጋልባሉ። ያ ግዙፍ አውሬ በሦስት እግሩ መሄድ አይችልምና እዚያው ይወድቃል፤ በጦር ይጨርሱታል። ሥጋው ተዘልዝሎ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ቋንጣ ይሰጣል፤ ለክረምት ስንቅ ነው።

ሥራው በቀላሉ የሚሠራ አይመስለው አንባቢ። በበጋ ያ ጥቁር መረሬ አፈር ስለሚሰነጣጠቅ የፈረሱ እግር አንዴ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ሁለቱም አለቀላቸው። ዝሆኑ ደግሞ ዛፍ ሰብሮ ነው የሚመጣው። ከሁሉም በላይ ከባዱን የያዘው ጋላቢው ነው ማለት ይቻላል። መሣሪያ የለውም። ያለው ፈረሱና አፉ ብቻ ነው። በጣም ከራቀ ዝሆኑ ይተወውና ጓደኛው መሬት ላይ ብቻውን ይቀራል፤ በጣም ከቀረበ ኩምቢው ያገኘዋል። ካናዳዊው ሙስ ጠሪ ዛፍ ሥር ተደብቆ ነው የሚጠራው፤ የጨርቂኑ ሰው ግን ማንነቱን ተናግሮ ነው።

በዚያች ቀን የሆነው ሁሉ ብሩስን አላስደሰተውም። ከተገኙት ዝሆኖች በመጨረሻ አንዲት እናትና ግልገሏ ቀሩ። አጋጊሮቹ የሴት ጥርስ ትንሽ ነው፣ ይቅር ብለው ነበር። ሌሎቹ ግን ደም ሸቷቸዋልና አልሰማ አሉ። እናቲቱ ተመትታ ስትወድቅ ሁሉም የረሳው ግልገል ከጥሻው ወጥቶ በሰውና በፈረስ ላይ ይሮጥ ጀመር። አህያ የምታህል ናት። ያገኘችውን ሁሉ በግንባሯ ትገፋለች። ብሩስ ራሱ ብዙ ጊዜ ዘወር እያለላት እናቲቱን ተዉአት ብሎ ቢጮህ ጊዜው አልፏል። ግልገሏ ከአዳኞቹ አንዱን እግሩ ላይ ስትመታው በጦር ወጋት፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እናቷ ፊት ወደቀች። በልጅነቱ ከጠመንጃ ጋር ያደገው ሰው፣ በሕይወቱ ካየው አደን ሁሉ እንዲህ አንጀቱን የበላው እንዳልነበር ጽፏል።

ብሩስ የስናርን መንገድና የኑብያን በረሃ በሞትና በሕይወት መካከል አልፎ በጁን 1774 ለንደን ሲገባ እንደ ጀግና ነበር የጠበቀው። ጥቂት ወር አልቆየም። ሰዎች ሰብሰብ ብለው ያዳምጡታል፤ ሲወጣ ይሳሳቃሉ። በአክሱም አቅራቢያ ወታደሮች ከነሕይወቷ ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ማለቱ ዋናው መሳቂያ ሆነ። ጥሬ ሥጋን የማያምን አንድ እንግዳ ቤቱ ቢመጣ ብሩስ ጨውና ቃሪያ የተነሰነሰበት ጥሬ ሥጋ አቅርቦለት፣ ወይ ብላ ወይ በሰይፍ እንገናኝ አለው ይባላል። እንግዳው በላ። የተከበረው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ሳይቀር ሰውየው በእርግጥ ሐበሻ አገር ደርሷል ወይ እያለ ይጠራጠር ነበር።

ብሩስም ለጠላቶቹ መንገድ አልከለከለም። ስፔናዊው ጳጥሮስ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዓባይን ማየቱ ታውቆ ሳለ፣ እሱ ውሸት ነው የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ሙጭጭ አለ። ባሉጋኒ አብሮት ምንጩ ድረስ ሄዶ፣ ሥዕሉን ሁሉ ሠርቶ በ1771 ጎንደር ላይ ሲሞት፣ በመጽሐፉ ውስጥ ግን እዚያ እንዳልነበረ አደረገው። ይህ ይቅር የማይባል ነው። በአንድ ነገር ዋሽቶ የተገኘ ሰው እውነቱንም ማን ያምነዋል?

አኩርፎ ኪኔርድ ተቀመጠ። በ1776 ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ እሷም በ1785 ሞተች። በአምስት ትልልቅ ጥራዝ የተጻፈው መጽሐፉ የወጣው በ1790፣ ከተመለሰ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ፤ ሳቁ ግን አላቆመም። በ1792 የወጣው የውሸታሙ የባሮን ሙንሃውዘን ተረት ተከታይ መጽሐፍ በስላቅ ለብሩስ ተበርክቶ ታተመ። ዝሆን ተሰድቦ ይመጣል፣ በሰይፍም ይገደላል የሚለው ታሪክ ከዚያ ተረት ጋር አብሮ ተደመረ።

ኤፕሪል 26 ቀን 1794 ማታ ቤቱ ግብዣ ነበር። ብሩስ ያኔ 63 ዓመቱ ነው፤ ሰውነቱም ከብዷል። አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ልትሄድ ስትል ሊደግፋት ደረጃው ላይ ፈጠን ሲል እግሩ ከዳው፤ በጭንቅላቱ ወደቀ። በማግስቱ ሞተ። የፋሲል ፈረስ ያልጣለውን ሰው የገዛ ቤቱ ደረጃ ጣለው። ላርበርት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሚስቱ ጋር፣ ከብረት በተሠራ ሐውልት ሥር ተቀበረ።

በ1861 ሳሙኤል ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ወደ ተከዜና አትባራ ወንዞች መጣ። ሀምራን የሚባሉ ዓረቦች ጋር ሰፍሮ አደን ወጣ። ሰዎቹ ራሳቸውን አጋጊር ይላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ክንዱ የሰለለ ነበር፤ ያም ሆኖ ዝሆኑን ራሱ ላይ የሚጠራው፣ ፊት ፊት የሚጋልበው እሱ ነው። ሌሎቹ ከኋላ ደርሰው በሰይፍ ጅማቱን ይበጥሳሉ። ቤከር ይህን በዓይኑ አይቶ ብሩስ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው ብሎ መሰከረ። የቤከር መጽሐፍ ታትሞ ለንደን ውስጥ ሲነበብ ዓመቱ 1867 ነበር፤ ብሩስ ላርበርት ከተቀበረ 73 ዓመት ሆኖታል።